በገናና ዲስቶርሽን፦ ያዘነ ሙዚቃ ለምን ይስባል?

በዐቢይ ጾም ፒያሳ ውስጥ ከመዝሙር መሸጫ ሱቅ የበገና ድርደራ ሲሰማ “ይህ ድምፅ ያስጨንቃል፣ ዝጉት” የሚል መንገደኛ አይገኝም። ታክሲ ውስጥ ትዝታ ሲከፈትም ተሳፋሪው ዝም ብሎ ወደ መስኮቱ ዞር ይላል፤ ሾፌሩን ምን ነካህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። በዚያው ሰፈር አንድ ወጣት ከስልኩ ዱም ሜታል ወይም የኖርዌይ ፎክ ሙዚቃ ሲያሰማ ግን ጥያቄው ወዲያው ይመጣል። “ልጁ ምን ሆኖ ነው? ይህ የሰይጣን ዘፈን አይደለም እንዴ?”

በማኅበራዊ ሚዲያ ይህ ክርክር በተነሣ ቁጥር ተከራካሪው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ሙዚቃውን የድብርትና የክፉ መንፈስ ምልክት ያደርገዋል። ሌላው “የግል ምርጫ ነው፣ ተዉት” ብሎ ያልፋል። ዋናውን ጥያቄ ሁለቱም አልነኩትም። ሰው ከሐዘን ይሸሻል፤ ታዲያ ያዘነ ድምፅ ፈልጎ፣ ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጠው ለምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ የሚሟገትለት መልስ የሚከተለው ነው፦ አድማጩን የሚስበው ሐዘኑ ራሱ ሳይሆን ሐዘኑ የተያዘበት ቅርፅ ነው። ለዚያ ቅርፅ ደግሞ የአዲስ አበባ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

የምንናገረው ስለየትኛው ሙዚቃ ነው

ሄቪ ሜታል ከሮክ የወጣ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የቆመ፣ ድምፁ ሆን ተብሎ እንዲሻክር የተደረገ ሙዚቃ ነው። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የእንግሊዙ ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበሙን ካወጣበት ከእ.ኤ.አ. 1970 ጀምሮ ነው። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ በበርሚንግሃም ብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆርጦበታል። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በተጎዳው እጅ ነበር። ሕመሙን ለማቅለል ቀጫጭን ክሮች ተጠቀመ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 “ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ” በተባለው አልበም ላይ ደግሞ ጊታሩን በሦስት ግማሽ ድምፅ (ግማሽ ድምፅ በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ተከታዩ ያለው ርቀት ነው) ዝቅ አድርጎ ቃኘው። የላላ ክር ለጣት ይቀላል፣ ድምፁም ይከብዳል። ዛሬ የሜታል መለያ የሆነው ዝቅ ያለ ቅኝት አንዱ ምንጩ ይህ የሥራ ላይ አደጋ ነው።

ዱም ማለት የማይቀር ክፉ ዕጣ ማለት ነው። ዱም ሜታል ፈጣን ከሆነው የሜታል ዘር ተለይቶ እየዘገየ የሄደው ቅርንጫፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሰሜን እንግሊዝ የወጡት ፓራዳይዝ ሎስት፣ ማይ ዳይንግ ብራይድና አናቴማ ሐዘኑን ዋና ጉዳይ አድርገውታል። ከዚያም የባሰ ዝግተኛ አለ፤ ፊውነራል ዱም ይባላል፣ የቀብር ዱም እንደማለት። ቤል ዊች የተባለው የሁለት ሰዎች ባንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው “ሚረር ሪፐር” አንድ ሙዚቃ ብቻ የያዘ የ83 ደቂቃ አልበም ሲሆን፣ ከዓመት በፊት ለሞተው የባንዱ የቀድሞ ከበሮ መቺ መታሰቢያ ነው። የለቅሶ ቤት ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው 83 ደቂቃ ለአንድ ሟች ብዙ አይደለም።

“አትሞስፌሪክ” የሚለው ቅጽል የሚሰጠው ከዜማው ይልቅ ድባቡ ለሚጎላ ሙዚቃ ነው። ጊታሩ አንድን ድምፅ በፍጥነት እየደጋገመ ይመታና ነጠላ ምቶቹ ተዋሕደው እንደ ጭጋግ ይሆናሉ። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ጠብታዎቹ ተለይተው አይሰሙም፣ ቤቱን የሚሞላ አንድ ወጥ ድምፅ ይሆናሉ፤ ሰውም በዚያ ውስጥ ብርድ ልብስ እንደለበሰ ይቀመጣል። የኖርዲክ ፎክ የሚባለው ደግሞ ጥንታዊ መሣሪያዎችን ይዞ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በኖርዌይ የተመሠረተው ዋርድሩና የሚጫወትባቸው መሣሪያዎች ውስጥ ከክራር ቤተሰብ የሆነ የኖርዌይ ክራርና ክሩ ከፈረስ ጭራ የሚሠራ፣ በደጋን የሚገዘገዝ መሣሪያ ይገኛሉ። ሙጫ የተቀባ ደጋን የፈረስ ጭራን ሲይዝና ሲለቅ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ ማሲንቆ ለሰማ ጆሮ ባዕድ አይሆንም።

በአማርኛ ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው ቃል “እንጉርጉሮ” ነው። ሰው ለሌላ ሰው ሳይሆን ለራሱ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ አንድን ሐረግ እየመላለሰ የሚለው ነገር። ከሙሾ ይለያል፤ ሙሾ የሚወጣው በሰው ፊት፣ በአስለቃሽ መሪነት ነው። ዱም ሜታል መሣሪያው ቢከብድም ጠባዩ ወደ እንጉርጉሮ ያደላል።

ድምፁ የሚያዝነው በምንድን ነው

የመጀመሪያው ነገር ፍጥነት ነው። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ፊውነራል ዱም ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ምት ይሄዳል፤ በ50 ሲሆን በአንዱና በሚቀጥለው ምት መካከል 1.2 ሴኮንድ አለ። በዚህ ክፍተት አድማጩ የሚመጣውን ለመጠበቅ ይገደዳል፣ የሄደውም ድምፅ ሲሞት ይሰማዋል። ያዘነ ሰው ንግግሩ ይዘገያል፣ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ቃላቱ መካከል ዝምታ ይበዛል፤ ሙዚቃው እነዚህን የድምፅ ጠባዮች ስለወሰደ ነው ቃሉን የማይረዳ ሰው እንኳ ሐዘን መሆኑን የሚያውቀው።

ሁለተኛው ቅኝት ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ሜጀር የሚባለው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ማይነሩ ትዝታ ይገኛል። አሁን ሬና ሚ ተጠጋግተዋል፤ ሶልና ላም እንዲሁ። ዜማው ከላ ወደ ሶል ሲወርድ እርምጃው በጣም አጭር ስለሚሆን ሰው ተንፍሶ “እህህ” ሲል ይመስላል። የአውሮፓ አቀናባሪዎችም ይህንኑ የግማሽ ድምፅ ቁልቁለት ለዘመናት የሐዘን ትንፋሽ ምልክት አድርገው ተጠቅመውበታል። ኮቶ የተባለው የጃፓን የክር መሣሪያ ከሚቃኝባቸው መንገዶች አንዱ የሆነው ሂራጆሺ የእነዚሁ አምስት ድምፆች ስብስብ ነው፤ የሜታል ጊታር ተጫዋቾችም ይጠቀሙበታል። የውጭ አድማጭ ቋንቋውን ሳያውቅ ትዝታን የሚወደው፣ የፒያሳ ወጣትም የማያውቀው ባንድ “የሚያውቀው” የሚመስለው ለዚህ ጭምር ነው።

አንቺሆዬ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። በተለመደው አጻጻፍ ድምፆቹ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶልና ላ ናቸው። ከዶ እስከ ዝቅ ያለው ሶል ያለው ርቀት ስድስት ግማሽ ድምፅ ነው። ብላክ ሳባዝ በባንዱ ስም የተጠራውን ሙዚቃ የከፈተው በዚሁ ርቀት ነው፤ በአውሮፓም “ዲያብሎስ በሙዚቃ ውስጥ” የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ያው ርቀት እኛ ዘንድ አንቺሆዬ ውስጥ አለ፤ ዲያብሎስን ግን ማንም አያስታውስበትም። ከዚህ የምንረዳው አንድ የድምፅ ርቀት ብቻውን ክፋትም ሐዘንም እንደማይሸከም ነው። ፍጥነቱ፣ ውፍረቱ፣ የሚዘፈንበት ቦታና የአድማጩ ልማድ አብረው ትርጉሙን ይሠሩታል።

እንዚራና ዲስቶርሽን

በሜታል ላይ በብዛት የሚሰማው ቅሬታ “ድምፁ ይረብሻል፣ ይጮኻል” የሚል ነው። ዲስቶርሽን የሚባለው ይህ መሻከር የሚፈጠረው የጊታሩ ምልክት አምፕሊፋየሩ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ሲገፋ ነው። የማዕበሉ ጫፍ ይቆረጣል፤ ሲቆረጥ በዋናው ድምፅ ላይ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እጥፍ የሆኑ ሌሎች ድምፆች ይደረባሉ። ቀጭን የነበረው ድምፅ ይወፍራል፣ ቶሎ መሞቱም ይቀራል።

በገና ይህን ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል። አሥሩ የጅማት ክሮች በድልድዩ ላይ ሲያልፉ በእያንዳንዱ ክርና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ክሩ ሲመታ ድልድዩን በስሱ እየነካ ይርገበገባል፤ “ዝዝዝ” የሚለው ንዝረት የሚመጣው ከዚህ ነው። እንዚራውን ማስተካከል የደርዳሪው ትዕግሥት የሚፈተንበት ሥራ ነው። ቆዳው ትንሽ አልፎ ከገባ ክሩ ከድልድዩ ይርቅና ንዝረቱ ይጠፋል፤ ወደ ኋላ ከቀረ ክሩ ይታፈንና ድምፁ ወዲያው ይሞታል። ጅማት እርጥበት ስለሚስብ ክረምት ላይ ቅኝቱ ይለዋወጣል፣ እንዚራውም እንደገና መነካካት ይፈልጋል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩትን የዓለሙ አጋን ቅጂ በ“ኢትዮፒክስ” ተከታታይ 11ኛው አልበም ላይ በጥሩ ማዳመጫ የሰማ ሰው እያንዳንዱ ክር ከተመታ በኋላ ድምፁ እንዴት እየተለወጠ እንደሚሄድ ይለያል።

ሁለቱ አሠራሮች አንድ ናቸው ማለት አይደለም። አንደኛው ክር ከእንጨት ጋር የሚያደርገው ንክኪ ነው፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ምልክት መቆረጥ። ለጆሮ የሚሰጡት ግን ይመሳሰላል፦ በጣም ወፍራም መሠረት፣ በላዩ ሻካራ የከፍታ ድምፆች፣ ረጅም ዕድሜ። ዐቢይ ጾም ላይ በቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ዐርፈው መቋሚያ ብቻ ሲቀር፣ በቤት ደግሞ በገና ሲደረደር ያደገ ልጅ ዝግታን፣ ውፍረትንና ንዝረትን ከጸሎትና ከተመስጦ ጋር አያይዞ ተምሯል። ይህ ልጅ ዱም ሜታል ሲሰማ የሚያገኘው ድምፅ ሙሉ በሙሉ አዲስ አይደለም። ዓላማው ግን ፈጽሞ ይለያል፤ በገና የምስጋናና የንስሐ መሣሪያ ነው፣ መመሳሰሉንም ወደ እምነት ማነጻጸር መውሰድ ስሕተት ይሆናል።

በቤተሰብ መካከል ለሚፈጠረው አለመግባባት አካላዊ ምክንያትም አለ፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ከ300 ኸርዝ (በሴኮንድ 300 ንዝረት) በታች ያለውን ድምፅ እጅግ አዳክሞ ነው የሚያወጣው። በሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ጊታር ወፍራሙ ክር 69 ኸርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ልጅ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ከባድ፣ የሚያዝን መሠረት እናት ከስልኩ ስትሰማው የለም፤ ለእሷ የደረሳት ሲንባሉ፣ ጩኸቱና ጭረቱ ብቻ ነው። በገናም በስልክ ሲከፈት መሠረቱ ይጠፋል። ነገር ግን በገና ብቻውን ስለሚደረደር የከፍታ ድምፆቹ ጥርት ብለው ይሰማሉ፣ አንጎልም ከእነርሱ ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ይሞላል። በሜታል ውስጥ ሲንባልና ጩኸት ይህን መንገድ ይሸፍኑታል። እናትና ልጅ ስለ አንድ ሙዚቃ የሚከራከሩ ይመስላቸዋል እንጂ የሰሙት ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

“ወጣልኝ”

አማርኛ ሐዘንን ከውስጥ እንደሚወጣ ነገር ይቆጥረዋል። ያለቀሰ ሰው “ወጣልኝ” ይላል፤ ለሞተበት ያላለቀሰ ሰው እርሙን እስኪያወጣ ይጠበቃል። በግሪክ ፍልስፍና ካታርሲስ የተባለው አሳብ ከዚህ ሩቅ አይደለም። የዘመኑ ጥናት ግን “ሐዘን ወጣ” ከማለት የበለጠ የተወሳሰበ ነገር አሳይቷል።

ሊላ ታሩፊና ስቴፋን ኮልሽ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት፣ 772 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ያዘነ ሙዚቃ የሚያዳምጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ እንደሚሰማቸው የተናገሩት ስሜት ሐዘን አልነበረም። ናፍቆት የተቀላቀለበት ትዝታ ነበር። አማርኛ ይህንኑ ስሜት ለዘፈኑም ለቅኝቱም ስም አድርጎ ከሰጠ ቆይቷል። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ያዘነ ሙዚቃ የሚወዱት በተለይ የሰው ስሜት ቶሎ የሚገባቸውና ለአዲስ ነገር ክፍት የሆኑ ሰዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። አድማጩ በሌላው ሐዘን ይነካል፣ ነገር ግን ምንም አልሞተበትም፣ ምንም አላጣም። ከአደጋ የራቀ ሐዘን ነው፤ ደስታውም እዚህ ላይ ይጀምራል።

የሙዚቃ ተመራማሪው ዴቪድ ሂውረን እ.ኤ.አ. በ2011 ሌላ ማብራሪያ አቅርቦ ነበር። ስናለቅስ ፕሮላክቲን የተባለ የሚያጽናና ሆርሞን ይመነጫል፤ ያዘነ ሙዚቃ ሰውነትን ያታልልና እውነተኛ ሐዘን ሳይኖር መጽናኛው ይመጣል የሚል ነው። አሳቡ ማራኪ ነው፣ በየቦታውም እንደተረጋገጠ እውነት ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ልኬታ ግን በሙዚቃው ይበልጥ በሚነኩ ሰዎች ላይ ሆርሞኑ ጨምሮ ሳይሆን ቀንሶ አገኘው። ስለዚህ “ሆርሞን ነው” ብሎ መደምደም አይቻልም።

ጉዳቱንም መሸፈን አይገባም። ነገርን የሚያብሰለስል፣ አንድን ክፉ ትዝታ እያመላለሰ የሚኖር ሰው ያዘነ ሙዚቃ ሲመርጥ ስሜቱ ሊብስበት እንደሚችል የሳንድራ ጋሪዶና የኤመሪ ሹበርት ሥራዎች ያሳያሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው ከሙዚቃው በኋላ ነው። ሲያልቅ ቀለል የሚለው፣ ተነሥቶ ሥራውን የሚሠራ ሰው ሙዚቃው ጠቅሞታል። ሲያልቅ ከመጀመሪያው የከበደው፣ ያንኑ አንድ ሙዚቃ ደግሞ ደጋግሞ የሚከፍት፣ ከሰው እየራቀ የሚሄድ ሰው ግን እያብሰለሰለ ነው። ሁለት ሳምንት የዘለቀ መከፋት ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት መዛባት ጋር ከመጣ ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ ሙዚቃውን መከልከል አያድነውም።

የስጋቱ ምንጭ

“የሰይጣን ዘፈን” የሚለው ክስ ከባዶ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኖርዌይ ብላክ ሜታል የተባለው የሜታል ዘር ጥቂት ሙዚቀኞች አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል፣ ነፍስ የገደሉም ነበሩ፤ በበርገን የሚገኘው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን የተቃጠለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ይህ የታወቀ እውነት ስለሆነ ሜታልን የሚወዱ ሰዎች ሊክዱት አይገባም። በሌላ በኩል በጥቂቶች ወንጀል ዘውጉን በሙሉ መክሰስ ሌላ ጥፋት አስከትሏል። በሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2003 በካዛብላንካ 14 የሜታል ሙዚቀኞችና አድማጮች ሰይጣን አምላኪ ተብለው ተፈረደባቸው፤ ተቃውሞ ተነሥቶ አብዛኞቹ በይግባኝ ነፃ ወጡ። በአሜሪካ ኔቫዳም ጁዳስ ፕሪስት በሙዚቃው ውስጥ ድብቅ መልእክት አስገብቶ ወጣቶችን ለራስ ማጥፋት ገፋፍቷል ተብሎ ተከሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ባንዱን ነፃ አውጥቶታል።

ሜታል ቁጣን ያባብሳል ለሚለውም የተደረገ ሙከራ አለ። በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከ18 እስከ 34 ዓመት የሆኑ 39 አድማጮችን በመጀመሪያ የሚያናድዳቸውን ነገር እንዲያወሩ አደረገ፤ ከዚያ ግማሾቹ የራሳቸውን ከባድ ሙዚቃ ለ10 ደቂቃ ሰሙ፣ ግማሾቹ በዝምታ ተቀመጡ። ንዴታቸው በሁለቱም ቡድኖች ቀነሰ። ሙዚቃ የሰሙት የልብ ምታቸው ከፍ እንዳለ ቢቆይም መንፈሳቸው ተነቃቅቶ ወጣ። ተሳታፊዎቹ ጥቂት፣ ሁሉም አስቀድመው ሙዚቃውን የሚወዱ መሆናቸው ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ ሙዚቃውን ለማይወድ ሰው ውጤቱ ያው ይሆናል አያሰኝም።

የሃይማኖት ሰው ሥጋት ከድምፁ ይልቅ ከቃሉ ላይ ቢያተኩር ተገቢ ነው። በዚህ ዘውግ እምነትን የሚሳደብ ግጥም አለ፤ ስለ ሞተ ወንድም፣ ስለ ጫካና ስለ ክረምት የሚያወራም አለ፤ ክርስቲያናዊ ሜታልም አለ። ግሮውል የሚባለው ጥልቅ ማጓራት ቃሉን ስለሚሸፍን ወላጅ በድምፁ ብቻ ሊፈርድ ይገደዳል። ግጥሙን አውጥቶ ከልጁ ጋር አብሮ ማንበብ ከሁለት ሰዓት ክርክር ይሻላል።

ለምን አሁን፣ ለምን እዚህ

የዚህ ሙዚቃ አድማጭ በመሀል አዲስ አበባ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ሆኖም ስለ መጥፋትና ስለ መራቅ የሚናገር ድምፅ እዚህ ጆሮ ማግኘቱ አያስገርምም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ፣ ከብዙ አዝማሪ ቤቶች የተረፈው ፈንድቃም ከፈረሱት ውስጥ ነበር። ለከተማዋ መንገድና መብራት ማስፈለጉን የሚደግፍ ሰው እንኳ ያደገበት ቅያስ ሲጠፋ የሚሰማው ነገር አለ። ከቆርቆሮ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው የክረምቱን ዝናብ በመስኮት ያየዋል እንጂ ከጣሪያው አይሰማውም።

አንዳንዶች ይህን ማብራሪያ አይቀበሉትም። በእነርሱ አመለካከት ወጣቱን ወደዚህ ሙዚቃ የሚወስደው የዩቲዩብና የስፖቲፋይ ምክር አቅራቢ ሥርዓት ነው፤ አንዱን ያዳመጠ ሰው ተመሳሳዩ ይቀርብለታል፣ ሰፈር ፈረሰ አልፈረሰ ለውጥ የለውም። እውነት አለው። ነገር ግን ሥርዓቱ የሚያቀርበው ብዙ ነው፤ ከቀረበው ውስጥ ሰው የሚያቆየውን የሚመርጠው ራሱ ነው። እኔ ሁለቱን የማያቸው እንደ በርና እንደ ቤት ነው፤ በሩን የከፈተው ኢንተርኔት ቢሆንም ውስጥ ገብቶ የመቀመጡ ምክንያት ግን ከትዝታ ጋር የቆየው ዝምድና ነው።

ክራርና ጊታር ሲገናኙ

ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በቢል ላዝዌል ፕሮዲውሰርነት ባወጣው “ኤርታሌ” ሮክ የአገር ቤት ቅኝት ሊሸከም እንደሚችል አሳይቷል። ወደ ዝግተኛውና ወደ ከባዱ ለመሄድ የሚሞክሩ ወጣቶች ግን ብዙ ጊዜ በተመሳሳይ ቦታ ይሰናከላሉ።

ትልቁ ችግር ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስብ ነው። በዲስቶርሽን ውስጥ ሁለት ድምፆች አብረው ሲገቡ የልዩነታቸው ድምፅ ይወለዳል። ዶና ሶል በ2 ለ3 ምጣኔ ስለሚቆሙ የሚወለደው ድምፅ ከዶ አንድ ኦክታቭ በታች ያለ ሌላ ዶ ነው፤ መሠረቱን ያጠነክረዋል። ሚ ሲጨመር ግን ምጣኔው ይወሳሰባል፣ የሚወለዱት ድምፆች ይጋጫሉ፣ ጭቃ ይሆናል። የትዝታ ነፍስ ደግሞ ያለችው በሚና በላ ላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጊታሩ ዶና ሶልን ብቻ ይያዝ፣ ሚንና ላን ለክራር፣ ለማሲንቆ ወይም ለድምፅ ይተው።

ቀጥሎ የሚመጣው መቃኘት ነው። ክራር በጆሮ ሲቃኝ ድምፆቹ ከጊታሩ እኩል የተከፋፈለ ቅኝት ጋር በትክክል አይገጥሙም። የክራሩ ክር 223፣ ጊታሩ 220 ኸርዝ ቢሆን በሴኮንድ ሦስት ጊዜ የሚወዛወዝ ምት ይሰማል። በንጹሕ ጊታር ይህ ያምራል፤ በዲስቶርሽን ግን እንደ ሕመም ይሆናል። ስለዚህ ዶንና ሶልን በመቃኛ መሣሪያ ከጊታሩ ጋር ማስማማት፣ ሌሎቹን ግን በጆሮ እንደነበሩ መተው ይሻላል። ሁሉንም በመሣሪያው ያስተካከለ ሰው የክራሩን ጠባይ ያጣዋል።

ሪቨርብ የሚባለው የማስተጋባት መሣሪያም በልክ መሆን አለበት። በደቂቃ 50 ምት ሲሄድ ሦስት ሴኮንድ የሚቆይ ማስተጋባት ሁለት ምት ተኩል ይሸፍናል። በማይነር ትዝታ ላ ገና እየሞተ ሳለ ሶል ይደርስና ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ሁለቱ አብረው ይቆያሉ። ከፍ ባለው መስመር ይህ ነው ውበቱ፤ ዝቅ ባለው መስመር ግን ሁሉን ያደበዝዛል። ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ከሪቨርቡ ማውጣት፣ ከዋናው ጊታርም ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ያለውን በ3 ዴሲቤል ያህል መቀነስ ለክራሩ ቦታ ይለቅለታል። ከሁሉም በላይ ዝምታውን በከበሮ አለመሙላት ነው። ምቱ ሲፈጥን ቅኝቱ ሳይለወጥ ስሜቱ ወደ ጭፈራ ይሄዳል።

የሚደመጥበት ክፍል

በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰሙ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ለ40 ሰዓት የሚፈቅደው 80 ዴሲቤል ነው፤ 90 ሲሆን ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። የ83 ደቂቃ አልበም በዚህ ድምፅ ሦስት ጊዜ ከተሰማ የሳምንቱ ድርሻ አለቀ ማለት ነው።

በትንሽ ክፍል በድምፅ ማጉያ ማዳመጥ ለሚፈልግ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። የ69 ኸርዝ ማዕበል አምስት ሜትር ያህል ይረዝማል። ወለሉም ጣሪያውም ሲሚንቶ በሆነ፣ ከፍታው 2.5 ሜትር በሆነ ክፍል ይህ ድምፅ በወለልና በጣሪያ መካከል ይቆማል፤ ወለሉና ጣሪያው አጠገብ ይጎላል፣ መሀል ላይ፣ በ1.25 ሜትር ገደማ፣ ይጠፋል። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ የሚደርሰው እዚያው ነው። የሙዚቃው ክብደት የት ሄደ ብሎ ድምፁን የሚጨምር ሰው ጎረቤቱን ይረብሻል እንጂ የጎደለውን አያገኘውም። ፍራሽ ወለሉ ላይ ዘርግቶ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ወይም ቆሞ መስማት ያንን ድምፅ ይመልሰዋል።